ድንገት የጠፋ መስማትና የደም ምርመራው ወረቀት

(ለከተማ ነዋሪዎችና ለጀማሪ ሐኪሞች በተዘጋጀ የጤና ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ)

እንደምን አመሻችሁ።

የተጠራሁት ስለ ጆሮ እንድናገር ነበር፤ አዘጋጆቹ ርዕሱ ላይ «ደም» የሚለውን ጨመሩበት። ደግ አደረጉ። ዛሬ ዛሬ አንድ ጆሮው በድንገት አልሰማ ያለው ሰው አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሲገባ መጀመሪያ ከቦርሳው የሚያወጣው የደም ውጤት ወረቀት ነው። ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12፣ ዚንክ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችትን የሚያሳየው)፣ አንዳንዴም ሆሞሲስቴይን ሳይቀር ተሠርቷል። ብዙ ብር ወጥቶበታል። «መስማትዎ ተለክቷል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን አልተለካም። ጆሮው ከተደፈነ ደግሞ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። ሰውየው ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ አንድ ጆሮው ድፍን ብሎ ያገኘዋል። ወይም ስልክ ያነሳና «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል፤ መልስ የለም። ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮ ሲያዞር ደዋዩ ለካ ሲያወራ ቆይቷል። አብዛኞቹ ጆሯቸው ጭው ይልባቸዋል፤ አንዳንዶቹን ያዞራቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። ሕመም ግን የለውም። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው፤ የማያም ነገር ሰውን አያስቸኩልም። «ብርድ መታኝ» ይባላል፤ «ኩክ ነው» ይባላል። ሞቅ ያለ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፣ ጥጥ ይወተፍበታል፣ «ይከፈታል» እየተባለ ይጠበቃል።

በሕክምና የተሰጠው ትርጉም ጥብቅ ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ተከታታይ በሆኑ ቢያንስ ሦስት የድምፅ ድግግሞሾች ላይ፣ መስማት በ30 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ሲቀንስ፣ ጉዳቱም ከውስጠኛው ጆሮ ወይም ከመስሚያው ነርቭ ሲሆን ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ100,000 ሰው ከ5 እስከ 27 የሚሆኑት ያጋጥማቸዋል ተብሎ ይገመታል። በብዛት አንድ ጆሮ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ተፈልጎ አይገኝም፤ ቫይረስ፣ የደም ዝውውር መታወክ፣ የራስ ሰውነት መከላከያ ስህተት ይጠረጠራሉ።

አሁን አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ሁላችሁም በአንድ ጣት አንድ ጆሯችሁን ድፈኑ። አፋችሁን ሳትከፍቱ «እምምም» በሉ። ድምፁ ወዴት ሄደ? ወደተደፈነው ጆሮ ነው አይደል? ጆሮ በኩክ ወይም በውሃ ሲዘጋ የሚሆነው ይህ ነው፤ የራስ ድምፅ በተዘጋው በኩል ይጎላል። ውስጠኛው ጆሮ ሲጎዳ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ድምፁ ወደ ደህናው ጆሮ ይሸሻል። እኛ ሐኪሞች ይህንኑ ግንባር ላይ በምናሳርፈው ሹካ መሰል የብረት መቃኛ እናደርገዋለን። ቤት ውስጥ የሚደረገው ማጉረምረም የሐኪሙን ምርመራ አይተካም፤ ግን አንድ ጆሯችሁ በድንገት ተደፍኖ ድምፃችሁ በደህናው በኩል ከጎላ፣ ዘይቱን አስቀምጡና በዚያው ቀን ሐኪም ፈልጉ። ከዛሬው ምሽት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

እንግዲህ ወደ ደሙ እንምጣ። ጆሮና ደም ምን አገናኛቸው?

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ሁለት ዙር ተኩል ገደማ የተጠቀለለ ኮክሊያ የሚባል አካል አለ። በውስጡ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ሲሞቱ በምትካቸው አይበቅልም፤ ያለን ያው የተወለድንበት ነው። ይህ አካል ኦክስጅን በብዛት ይፈልጋል፤ ደም የሚያደርሰው ግን አንድ ቀጭን የደም ሥር ብቻ ነው፣ ተተኪ መንገድ የለውም። ሌላው የሰውነት ክፍል አንዱ ሥር ቢዘጋበት በጎን የሚደርስለት ሊኖር ይችላል፤ ኮክሊያ የለውም። ስለዚህ ደሙ ሲቀጥን፣ ሲወፍር ወይም የሥሩ ግድግዳ ሲታመም ጆሮው ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ብረትን፣ ፎሌትን (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው)፣ ቢ12ን፣ ዚንክን ማየት የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከብረት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የታይዋን ጥናት ነበር። መስማታቸው በድንገት የጠፋ 4,004 ሰዎችን ወስዶ ይህ ካልደረሰባቸው 12,012 ሰዎች ጋር አነጻጸራቸው። ጥያቄው «ከዚያ በፊት በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ነበረባችሁ ወይ?» የሚል ነው። ከታማሚዎቹ 4.3 ከመቶው፣ ከሌሎቹ 3.0 ከመቶው ነበረባቸው። ልዩነቱ በወጣቶቹ፣ 44 ዓመትና ከዚያ በታች በሆኑት ላይ ይጎላል። ጋዜጣ ላይ ቢወጣ «ደም ማነስ ያደነቁራል» ይባልለት ነበር። እናንተ ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት። መስማታቸው ከጠፋው ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት ይህ ዓይነት ደም ማነስ አልተመዘገበባቸውም። ግንኙነት አለ፤ እውነት ነው። ግን ፊታችሁ የተቀመጠው የአንድ ሰው ጆሮ ለምን እንደተዘጋ ይህ ቁጥር አይነግራችሁም። ደም ማነስ ያለበት ሰው ሌላም ችግር ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፤ የቆየ በሽታ፣ ደካማ ምግብ፣ ድህነት። እነዚህን ሁሉ ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው።

ሁለተኛው ፎሌት ነው። የእሱ ታሪክ ረዘም ይላል፤ እኔም ብዙ ጊዜዬን እዚህ ላይ ላጥፋ፤ ምክንያቱም ትምህርቱ ከጆሮ ያልፋል።

ፎሌትና ቢ12 ሲያንሱ ሆሞሲስቴይን የሚባል አሚኖ አሲድ በደም ውስጥ ይከማቻል። ሆሞሲስቴይኑ ከፍ ያለ ሰው የልብ ድካም (ድንገተኛውን ማለቴ ነው) እና ስትሮክ ይበዛበታል ተብሎ ለዓመታት ተጽፏል። በሮም የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 መስማታቸው በድንገት የጠፋ ታማሚዎችን ደም አይተው ፎሌታቸው ዝቅ፣ ሆሞሲስቴይናቸው ከፍ ብሎ አገኙት። ነገሩ የገጠመ ይመስላል፤ ፎሌት ያንሳል፣ ሆሞሲስቴይን ይጨምራል፣ የደም ሥሩ ይታመማል፣ ጆሮው ደም ይቋረጥበታል። እንግዲያው ፎሊክ አሲድ (በክኒን የሚሰጠውን ፎሌት) እንስጥና እንገላገል?

የልብ ሐኪሞች ይህንኑ በትልቁ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሆፕ 2 የተባለው ጥናት ውጤት ወጣ። 5,522 ሰዎች ነበሩበት፤ የተወሰኑት ፎሊክ አሲድ፣ ቢ6 እና ቢ12 ለአምስት ዓመት ገደማ ሲወስዱ ሌሎቹ የማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ሆሞሲስቴይኑ እንደታሰበው ወረደ። በልብ በሽታ የሚሞተው ሰው ግን አልቀነሰም። ስትሮክ ላይ ጥቂት መቀነስ ታየ፤ የልብ ድካሙ ግን እንዳለ ነው። በዚያው ዓመት የታተመው ኖርቪት የተባለው የኖርዌይ ጥናትም 3,749 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ተስተካከለ፤ ሰውየው ግን አልተጠቀመም። ቁጥርን ማከምና ሰውን ማከም ለየቅል መሆናቸውን ሐኪሞች የተማሩበት ከባድ ትምህርት ነው።

በጆሮ ላይስ? በኔዘርላንድስ 728 ሰዎች፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 70፣ ሆሞሲስቴይናቸው ከፍ ያለ፣ በቀን 800 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ወይም የማስመሰያ ክኒን ለሦስት ዓመት ወሰዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። በወፍራም (ድግግሞሻቸው ዝቅ ባለ) ድምፆች ላይ ፎሊክ አሲድ የወሰዱት መስማታቸው በ1.0 ዴሲቤል ሲቀንስ የሌሎቹ በ1.7 ቀነሰ። ልዩነቱ 0.7 ዴሲቤል ነው። በቀጭን (ድግግሞሻቸው ከፍ ባለ) ድምፆች ላይ ልዩነት አልታየም። ልብ በሉ፤ ይህ በዕድሜ ቀስ እያለ ስለሚቀንስ መስማት ነው እንጂ ትናንት ሌሊት ድንገት ስለጠፋ መስማት አይደለም። ያ ጥናት ሲደረግ ኔዘርላንድስ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ አትጨምርም ነበር፤ ቀድሞም የጠገበ ሕዝብ ላይ ይህችም ትንሽ ጥቅም ላትታይ ትችላለች። ውጤቱ ደስ የሚል ነው፤ ግን በ0.7 ዴሲቤል ማንም ሰው የስልክ ንግግሩ አይሻሻልለትም።

አሁን ደግሞ ለጀማሪ ሐኪሞቹ፤ ሌሎቻችሁም ስሙት። ደሙ የሚቀዳው መቼ ነው? ጆሮው ከተዘጋ በኋላ ነው። ሰውነት ሲቆጣ ወይም ኢንፌክሽን ሲይዘው ብረትንና ዚንክን ከደም ይሸሽጋል፤ ፌሪቲንን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ዚንኩ ዝቅ ያለው ጆሮው ስለታመመ ሊሆን ይችላል፤ ጆሮው የታመመው ዚንኩ ስላነሰ ላይሆን ይችላል። የቱ ቀደመ የሚለውን አንድ ቀን የተቀዳ ደም አይመልስም።

አቀዳዱም ራሱ ጣጣ አለው። የዚንክ ልኬት ሰውየው ምግብ ከበላ በኋላ ይወርዳል፤ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ቱቦው ውስጥ ከፈነዱ ደግሞ ያለ አግባብ ይወጣል። ሆሞሲስቴይን የተቀዳው ደም ሳይለይ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ በየሰዓቱ ይጨምራል፤ ሕዋሶቹ ቱቦው ውስጥም ሥራቸውን አያቆሙምና። በሴረም (ሕዋሶቹ ከተለዩ በኋላ በሚቀረው የደም ፈሳሽ) የሚለካው ፎሌት የሰሞኑን ምግብ ነው የሚያሳየው፤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚለካው ግን ያለፉትን ሦስት አራት ወራት ነው። ኪስ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ቆጥሮ የባንክ ደብተሩን እንደመገመት ነው ልዩነቱ። ሌላም አለ። የነጭ ደም ሕዋሳት ዓይነቶች ጥምርታ የጆሮውን መዳን ወይም አለመዳን ይተነብያል የሚሉ ጽሑፎች አሁን በዝተዋል። ታማሚው ለዚህ በሽታ የሚታዘዘውን የስቴሮይድ (የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ክኒን አንድ ከዋጠ ግን ጥምርታው በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል። መቼ እንደተቀዳ ያልተጻፈበት ውጤት እኔ ዘንድ ዋጋ የለውም።

በነገራችን ላይ ይህ በሽታ የማይረባ መድኃኒትን ጥሩ አስመስሎ የማሳየት ችሎታ አለው። ከታማሚዎቹ ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ምንም ሳይደረግላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በከፊል ወይም በሙሉ ይሻላቸዋል። ታዲያ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ዚንክ የዋጠ «ዚንክ አዳነኝ» ይላል፤ ጸበል የተጠመቀም፣ ዘይት ያደረገም እንዲሁ። ማንንም አልነካሁም፤ በዚህ በሽታ ላይ ለመፍረድ ማነጻጸሪያ ቡድን የግድ ያስፈልጋል ማለቴ ነው።

ስለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው የዊልሰንና የባልደረቦቹ ጥናት እስካሁን የሚነሳው። ስቴሮይድ ከወሰዱት 61 ከመቶ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 32 ከመቶ ተሻላቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ተተችቷል፤ ሕክምናው ግን እስከዛሬ የቆመው በእሱ መንገድ ላይ ነው። የአሜሪካ አንገት በላይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻሉት መመሪያ ስቴሮይድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊጀመር ይችላል ይላል። ካልሠራ ደግሞ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ በጆሮ ታምቡር በኩል በመርፌ መስጠትን ይመክራል። ያው መመሪያ ለሁሉም ታማሚ በደፈናው የደም ምርመራ አትዘዙ ይላል። ኤምአርአይ ግን ይፈልጋል፤ በነርቩ ላይ የሚያድግ ካንሰር ያልሆነ እብጠት አልፎ አልፎ እንዲህ ብሎ ይጀምራልና።

ስቴሮይዱን ራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትውጡ ግን አደራ። ስኳር ይጨምራል፣ የደም ግፊት ያስነሳል፣ ተደብቆ የቆየ ቲቢን ይቀሰቅሳል። እዚህ ላይ የደም ምርመራ ቦታ አለው፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ስኳርን ማየት ለዚንክ ከሚወጣው ገንዘብ በእጅጉ ይጠቅማል።

እንግዲህ «ንጥረ ነገሩን ተዉት» እያልኩ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ከአሜሪካው መመሪያ ትንሽ ዞር እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 ከመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ከአራቷ አንዷ ማለት ነው። እንዲህ ባለ አገር ሙሉ የደም ቆጠራ ማሠራት ርካሽም ተገቢም ነው። የተገኘው ደም ማነስ ይታከም፤ የሚታከመው ግን ደም ማነስ ስለሆነ ነው፤ ጆሮውን ይመልሳል ተብሎ አይደለም። የወር አበባ የሚበዛባት እናት፣ ጨጓራው የሚደማ አባት በጆሮ ምክንያት ቢገኙ እሰየው።

ጤፋችን ብረት አለው ትሉኛላችሁ። አለው፤ ግን ከሚለካው ከፊሉ በውቂያ ጊዜ ከአውድማው አፈር የሚቀላቀል ነው፤ የእህሉንም ብረት ፋይቴት የሚባል ነገር ጠፍሮ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ የተወሰነውን ይፈታዋል፤ ምግቡን ተከትሎ የሚጠጣው ቡናና ሻይ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል። ቡናችሁን አልከለክልም፤ አንድ ሰዓት አቆዩት። ፎሌት በምስር፣ በሽምብራ፣ በባቄላና በጎመን በደንብ አለ፤ ጎመን ሁለት ሰዓት ተቀቅሎ ውሃው ከተደፋ ግን አብዛኛው አብሮ ይደፋል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ አስገዳጅ ደረጃ አውጥቷል፤ እንጀራ የሚበላው ገጠር ዘንድ እንዴት እንደሚደርስ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

በወረቀት የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ላንሳ።

«ጾም ጆሮ ያደነቁራል ወይ?» የሚል አለ። አያደነቁርም። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው፤ ጉበት ግን ለዓመታት የሚሆን ያስቀምጣል። በፍስኩ ወቅት የሚበላ ሰው በጾሙ ብቻ አይጎዳም። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው በፍስክም ሥጋና ወተት የማይደርሰው ሰው ነው። ሁለተኛው ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚውጥ ሰው ነው፤ ሁለቱም መድኃኒቶች ቢ12 እንዳይገባ ያደርጋሉ። እግሩ የሚደነዝዘው፣ የሚያደነቃቅፈው ከሆነ ቢ12ውን ይለካ። ከዚያ በፊት ፎሊክ አሲድ በብዛት እንዳይጀምር፤ ደሙን ያስተካክልለትና የነርቩ ጉዳት ተሸፍኖ ይቀጥላል።

«ዚንክ ገዝቼ ልውሰድ?» የሚል ሌላ አለ። ከስቴሮይድ ጋር ሲጨመር ይጠቅማል ያሉ ትናንሽ ጥናቶች አሉ፤ እኔን አላሳመኑኝም። ለወራት በብዛት የተወሰደ ዚንክ መዳብን ከሰውነት ያስወጣል፤ የመዳብ እጥረት ደግሞ ራሱ ደም ያሳንሳል፣ አከርካሪ ውስጥ ያለውን ነርቭ ይጎዳል። ለጆሮ ተብሎ እግር እንዳይታመም።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንድ እናት ነው። «ሦስት ወር ሆኖኛል፣ አልተሻለኝም፣ ምን ቀረኝ?» ይላሉ። እማማ፣ ስቴሮይዱ የሚሠራበት ጊዜ አልፏል፤ አላሞኝዎትም። ኤምአርአይ ካልተነሱ ግን አሁንም ይነሱ። መስማትዎን እንደገና ያስለኩ፤ ስድስት ወር ሲሞላም ይድገሙት። የተረፈ መስማት ካለ የመስሚያ መሣሪያ ያግዛል፤ ጆሮው ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ከዚያ በኩል የሚመጣውን ድምፅ ወደ ደህናው ጆሮ የሚያሻግር መሣሪያ አለ። በቤተ ክርስቲያንም በለቅሶ ቤትም ደህናው ጆሮዎ ወደ ሰው እንዲሆን አድርገው ይቀመጡ፤ መንገድ ሲሻገሩ መኪናው ከየት እንደመጣ ድምፁ አይነግርዎትምና ዞር ብለው ይዩ። ደህናው ጆሮ አንድ ቀን ድፍን ካለብዎ ደግሞ፣ ዘይት አያድርጉበት፤ በዚያው ቀን ይምጡ።